ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ስትገዙ በነፃ መፈተኛ
የካርድን አቅም በነጥብ የሚለካው ፕሮግራም፣ የነፃው ስሪዲማርክ ነጥብ ብቻውን አያሳምናችሁ። ካርዱ ሲሞቅ መድከም አለመድከሙን የሚያሳየው የስሪዲማርክ የ20 ዙር ስትረስ ቴስት (ካርዱን ደጋግሞ የሚያስጨንቅ ፈተና) የሚከፈልበት ነው። መላው ዩኒጂን ሄቨን የሚባለው ሌላ የካርድ መፈተኛ ፕሮግራም ነው። ነፃውን አውርዱ፣ የምስል ጥራቱን ጣሪያ አድርሱትና ክፈቱት። ነጥብ የሚሰጠውን ፈተና የሚያስጀምረውን የኤፍ9 ቁልፍ አትንኩ! ካልነካችሁት እስክትዘጉት ድረስ ያንኑ ትዕይንት እየደጋገመ ይዞራል።

መጀመሪያ የዘንዶው ሐውልት ጋ ሲደርስ የፍሬም ቁጥሩን (በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚያሳይ) ጻፉ። ከ30 ደቂቃ በኋላ እዚያው ሲደርስ ደግሞ እዩት። በጣም ከወረደ፣ ካርዱ ሙቀቱን መቋቋም አቅቶት ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም የተዛባ ቀለም ከታየማ ይቅርባችሁ።

ሄቨን የ2009 ሥራ ስለሆነ አዳዲስ ኃይለኛ ካርዶችን ብዙም አያስጨንቅም። ነጥቡንም ከስሪዲማርክ ነጥብ ጋር አታወዳድሩት።