ከፋሲካ የተረፈውን ወጥ፣ ዳቦና እንጀራ እንዴት እንጠቀምበት?

የበዓል ወጥ ለቤተሰብ ብቻ ተብሎ አይሠራም። ማን ብቅ እንደሚል አይታወቅማ! ስለዚህ ቁሌቱ በትልቅ ድስት ይጣዳል፤ ድፎው ሰፋ ይደረጋል፤ እንጀራውም በዛ ተደርጎ ይጋገራል። በማግስቱ ታዲያ ግማሹ እዚያው አለ። ብዙ ቤት ከዚያ በኋላ የሚደረገው ያው ነው፤ ድስቱን ማሞቅ፣ ማቅረብ፣ መመለስ፣ ነገም እንደገና ማሞቅ። በሦስተኛው ቀን ዶሮ ወጥ ማየት ያስጠላል። ያን ያህል ሽንኩርት ተልጦ፣ ያን ያህል ሰዓት ተቆሞ የተቁላላ ቁሌት እንዲህ ተሰልችቶ ሲደፋ በጣም ያሳዝነኛል።

የተረፈው ወጥ ሌላ ምግብ መሆን ይችላል። ይህ እንዲሆን ግን በበዓሉ ማታ፣ እንግዳ እንደሄደ፣ ትንሽ ሥራ ያስፈልጋል።

በዚያው ማታ የሚሠራ

ትልቁን ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት። ላዩ ቢቀዘቅዝም መሐሉ ለሰዓታት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ወጥ የሚበላሸው ደግሞ ለብ ባለበት ነው። ዝቅ ዝቅ ባሉ ትናንሽ ዕቃዎች ከፋፍሉት፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ክደኑትና አስገቡት። ከእሳት ከወረደ በኋላ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው።

ስትከፋፍሉ እንዲህ አድርጉ፦

1. ብልቶቹን ለብቻ አውጡ። ሥጋውን ከአጥንቱ አላቁና በአንድ ዕቃ አድርጉት።
2. እንቁላሎቹን ለብቻ አድርጉ። እነዚህ ፍሪዘር አይገቡም፤ ነጩ እንደ ጎማ ይደርቃል።
3. ቁሌቱን ሁለት ቦታ ክፈሉት። በሦስት ቀን የሚበላው ፍሪጅ ይግባ፤ የቀረው በአንድ ማዕድ ልክ እየተደረገ ፍሪዘር ይግባ። ቀኑን ጻፉበት። ሁለት ሦስት ወር ጣዕሙን ይዞ ይቆያል።

ጎረቤት የሚላክ፣ ለነዳያን የሚሰጥ ካለም የሚወጣው ያኔ ነው። ሰው ተሰላችቶ የተወውን ሳይሆን ገና ትኩስ የሆነውን ነው መላክ።

ፍሪጅ የሌለው ወይም መብራት የሚጠፋበት ሰው የእናቶችን ዘዴ ይጠቀም። ጠዋትና ማታ ወጡን እስኪንተከተክ አፍሉት፤ ከፈላ በኋላ በንጹሕ ጭልፋ ብቻ ቅዱ። ይሄ ግን ለአንድ ሁለት ቀን የሚሆን እንጂ ለሳምንት አይደለም። ፍሪጅ ያለውም ቢሆን የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሶ ያሙቅ፤ ሲያሞቅም እስኪፈላ ድረስ።

ዶሮ ፍርፍር

ለእኔ ከዶሮ ወጡ ከራሱ አያንስም። ለሦስት ሰው ሦስት ጭልፋ ቁሌት፣ አንድ እፍኝ የተላቀቀ የዶሮ ሥጋ፣ ሦስት እንጀራና አንድ ሲኒ ውሃ ይበቃል። እንጀራው የትናንት ወይም የትናንት ወዲያ ቢሆን ይመረጣል። ትኩሱ ቁሌቱን ሲያገኝ ይላቁጣል፤ ትንሽ የጠነከረው ግን መረቁን መጥጦ ቅርጹን ይይዛል።

ቁሌቱን ከውሃው ጋር መጥበሻ ላይ ጣዱት። ሲፈላ ሥጋውን ጨምሩ፤ ለሁለት ደቂቃ ይንተክተክ። በዚህ ጊዜ ቀጠን ብሎ ይታያችኋል። አትደንግጡ፣ እንጀራው ይጠጣዋል። አሁን እሳቱን አጥፉ። የተቆራረሰውን እንጀራ ጨምሩና ከታች ወደ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ገልብጡት፤ ከዚያ ለአንድ ደቂቃ ክደኑት። ፍርፍር ገንፎ የሚሆነው እሳት ላይ እያለ ስለሚማሰል ነው። ሲቀርብ የተረፈውን አይብ ከላይ ነስነስ አድርጉበት፤ የወጡን ኃይል ያበርደዋል። ቂቤ መጨመር አያስፈልግም፤ የበዓል ቁሌት በቂ አለው።

ሌላው ቁሌት የት ይሄዳል?

ፓስታ ላይ። ሁለት ቲማቲም ከትፋችሁ በትንሽ ዘይት አብስሉ፤ ሁለት ጭልፋ ቁሌት ጨምሩበት፤ ከተቀቀለ ፓስታ ወይም መኮሮኒ ጋር አዋህዱት። ቲማቲሙ በርበሬውን ስለሚያለዝበው ልጆችም ይበሉታል። ውጭ አገር ለሚኖርና ከሥራ ደክሞት ለሚገባ ሰው ከፍሪዘር የወጣች አንዲት ዕቃ ቁሌት በሃያ ደቂቃ ራት ትሆናለች።

እንቁላሎቹን ደግሞ ፍጩአቸው። ቃሪያና ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ፣ ጨው ነካ አድርጋችሁ ዳቦ መሐል ብታደርጉት ለምሳ ዕቃ የሚሆን ሳንድዊች ነው።

ሥጋ

የተረፈ ጥብስ ወይም የዶሮ ሥጋ ሳምቡሳ ይወጣዋል። በደቃቁ ክተፉት፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር እሳት ላይ አገላብጡትና ውሃውን እስኪጨርስ አድርቁት። ማድረቁን አትዝለሉ። መረቅ የያዘ ሥጋ ሊጡን ቀዶ ዘይቱ ውስጥ ይበተናል። ለዚህ ነው የዶሮ ሥጋ ከሆነ ቁሌቱን አስቀድሞ ማራገፍ የሚያስፈልገው። ከዚያ ሥጋው ይቀዝቅዝ፣ በስሱ በተዳመጠ ሊጥ ይጠቅለል፣ ይጠበስ።

ጥሬ ክትፎ ከተረፈ ለነገ አይባልም። በዚያው ማታ በደንብ ይብሰልና ከዚያ ፍሪጅ ይግባ። አጥንቱን ቀቅሉና በመረቁ ጎመን በሥጋ ሥሩ።

ቅርጫ ገብታችሁ የደረሳችሁ ሥጋ ከበዛ ደግሞ ቋንጣ አለ። ስቡን አንሱለት፤ ቋንጣን ቶሎ የሚያበላሸው እሱ ነው። ቀዩን ሥጋ በስሱ ዘልዝሉ፤ በጨውና በበርበሬ እሹት፤ ነፋስ በሚያገኘው ንጹሕ ቦታ ገመድ ላይ ስቀሉት። ዘለላዎቹ እርስ በርስ አይነካኩ። ፋሲካ አንዳንዴ ከበልግ ዝናብ ጋር ይገጥማል፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ አትድከሙ፣ ሥጋውን ፍሪዘር አስገቡት።

ድፎ ዳቦ

ደረቅ ድፎ እንደ ጣት ጫፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ምንም ሳይጨመርበት ምጣድ ላይ አገላብጡት፤ ዙሪያው ቆርቆር ይበል። በሌላ መጥበሻ ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ አቅልጡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ፤ ወዲያው ጠብ ጠብ አድርጋችሁ ውሃ ጨምሩበት። በርበሬ በጋለ ቅቤ በአፍታ ያርራል፣ ካረረ ደግሞ ይመራል። ዳቦውን ጨምሩና አዋህዱት። ከእርጎ ጋር ቁርስ ነው። ጥቁር አዝሙድ ያለው ድፎ ከሆነ መዓዛው ራሱ ይጠራል።

በርበሬ የማይወድ ካለ ዳቦውን በእንቁላልና በወተት ነክራችሁ ጥበሱለት። ከዚያም የቀረው ይድረቅና ይፈጭ፤ ለአሳ ጥብስ መሸፈኛ ይሆናል።

እንጀራ

ሻጋታ ያየ እንጀራ ፈቅፍቆ መብላት ይቅር። ዓይን የሚያየው ላዩን ነው፤ ሥሩ ግን ውስጥ ገብቷል። እዚያ ሳይደርስ ድርቆሽ አድርጉት።

ለድርቆሽ ወጥና ቅቤ ያልነካው እንጀራ ብቻ ይመረጥ። ይህን የምለው ለጾም እንዲሆን ብዬ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ የተረፈው ወጥ እስኪያልቅ ማንም አያቋርጠውም። ገና ወይም እንቁጣጣሽ ሲሆን ግን ረቡዕና ዓርብ መሐል ስለሚገቡ እነሱን ቆጥሮ ፍሪዘር ማስገባት ያሻል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ደግሞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። የዛሬው ድርቆሽ ያኔ ይደርሳል።

እንጀራውን ቆራርሱና ሰፌድ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ላይ ሳይደራረብ አስጡት። ቀን ላይ አገላብጡት፣ ማታ አስገቡት። ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርሷል። ፎቅ ላይ የሚኖር ወይም ፀሐይ የማያገኝ ሰው በኦቭን በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቅ ይችላል። ከመታሸጉ በፊት በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ትንሽ እርጥበት ከቀረ ሁሉም ይሻግታል።

ጾሙ ሲገባ ሱፍ ለብለብ አድርጋችሁ ቁሉ፤ ፍጩት፤ በውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉት። ድርቆሹ ላይ አፍሱ፤ ጨው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሩ። ድርቆሽ ከእንጀራ በዛ ያለ ውሃ ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁት፤ ልቡ ድረስ ሲርስ ይቀርባል።