የአንድ ፕሮሰሰር ማምረቻ ወጪ ስንት ነው? ራሳችሁ አስሉት

አዲስ ፕሮሰሰር በወጣ ቁጥር ሃርድዌር የማስተምራቸው ልጆች አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ «ቴክኖሎጂው እያደገ ዋጋው ለምን አይቀንስም?» ጥያቄያቸው ልክ ነው። ለረጅም ዓመታት ትራንዚስተር፣ ማለትም ፕሮሰሰር የሚሰራበት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ባነሰ ቁጥር ይረክስ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። ይህን በወሬ ከማስረዳት ቁጭ ብሎ ማስላት ይሻላል። የሚያስፈልጋችሁ ደብተርና የስልካችሁ ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር ብቻ ነው።

መጀመሪያ የቺፑን ስፋት እወቁ። በፕሮሰሰሩ ላይ የምታዩት ብረት ክዳን ነው፤ ቺፑ፣ ማለትም ስሌቱን የሚሰራው የሲሊከን ቁራጭ፣ ከስሩ ነው ያለው። እኔ ክፍል ውስጥ የማሳየው ከሞተ ማሽን የወጣ የኢንቴል ኮር አይ7 3770 ነው። ዙሪያውን የያዘው ጥቁር ሙጫ በምላጭ ቀስ ተብሎ ሲቆረጥ ክዳኑ ይነሳል። ከስሩ የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት አለ። እሱን በአልኮል ስትጠርጉት እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ጠባብ ቁራጭ ብቅ ይላል። ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ወርዱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኢንቴል 160 ካሬ ሚሊ ሜትር ይለዋል። ልጆቹ በዚህች ቁራጭ ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ትራንዚስተር እንዳለ ስነግራቸው ተራ በተራ አጎንብሰው ያዩታል። በሚሰራ ፕሮሰሰር ላይ ግን እንዳትሞክሩት። ብዙዎቹ አዳዲሶች ክዳናቸው የተበየደ ስለሆነ ምላጭ አይበግራቸውም፤ የታተመውን ስፋት መውሰድ ይበቃል።

ቀጥሎ የዋፈሩ ዋጋ ነው። ቺፖች ለየብቻ አይሰሩም። 300 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ክብ ሲሊከን ላይ በመቶዎች አንድ ላይ ይሰራሉ። ይህ ክብ ዋፈር ይባላል። አምራቾቹ ዋጋውን አይናገሩም። እኔ የምጠቀመው በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ስር ያለ ሲሴት የሚባል የጥናት ማዕከል በ2020 ያወጣውን ግምት ነው፦ ለ7 ናኖሜትር 9,346 ዶላር፣ ለ5 ናኖሜትር 16,988 ዶላር። እነዚህ የአመራረት ትውልዶች ስሞች ናቸው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ትውልዱ አዲስ ነው። በአንድ ትውልድ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንዱ ምክንያት ትራንዚስተሮቹን በብርሃን ዋፈሩ ላይ የሚያትመው ማሽን ነው። ለ5 ናኖሜትር የሚያስፈልገውን ማሽን በዓለም ላይ የሚሰራው የሆላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። ማሽኑ በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታ በሌዘር እየመታ 13.5 ናኖሜትር ርዝመት ያለው የብርሃን ሞገድ ያወጣል። የአንዱ ዋጋ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ያ ገንዘብ ከእያንዳንዱ ዋፈር ላይ እየተቀነሰ መመለስ አለበት።

አሁን ከአንድ ዋፈር ስንት ቺፕ ይወጣል? ክብ እንጀራ በአራት ማዕዘን ሲቆረጥ ዳር ዳሩ እንደሚባክነው፣ እዚህም ዳሩ ይባክናል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የዋፈሩን ስፋት፣ 70,686 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ በቺፑ ስፋት አካፍሉ። ከዚያ 942ን በቺፑ ስፋት እጥፍ ስኩዌር ሩት አካፍላችሁ ቀንሱ። ይህ የዳሩ ብክነት ነው።

ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያ ዜን 4 ያለውን የፕሮሰሰር ትውልድ እንውሰድ፤ በ2022 የወጣ፣ በ5 ናኖሜትር የተሰራ። ኮሮቹ፣ ማለትም ስሌት የሚሰሩት ክፍሎች፣ ያሉበት ቺፕ 71 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። 70,686 ለ71 ሲካፈል 995 ይመጣል። 942 ለ11.9 ሲካፈል 79 ነው። ቀሪው 916 ቺፕ።

ሁሉም ግን አይሰሩም። አንዲት ጉድፍ ቺፑን ልታበላሸው ትችላለች። ለስሌታችን በ10 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ጉድፍ እንያዝ፤ ለበሰለ የምርት መስመር ተገቢ ግምት ነው። የቺፑን ስፋት በካሬ ሴንቲ ሜትር በ0.1 አባዙ፣ ከዚያ 2.718ን በዚያ ቁጥር ኔጌቲቭ ፓወር አንሱ። ለ0.71 ካሬ ሴንቲ ሜትር 93 ከመቶ ይሰጣል። ከ916ቱ 853 ደህና ናቸው። 16,988ን ለ853 ስታካፍሉ 20 ዶላር ገደማ ነው።

ይህንኑ በትልቅ ቺፕ ሞክሩት። ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ለሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሸጠው ኤች100 ቺፕ ስፋቱ 814 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱም ከ5 ናኖሜትር ቤተሰብ ነው። ከዋፈሩ 63 ብቻ ይወጣል። ደህናው 44 ከመቶ፣ ማለትም 28። አንዱ 607 ዶላር! ስፋቱ 11 እጥፍ ተኩል ሆኖ ወጪው 30 እጥፍ ሆነ። ከዚህ ሁሉ ስሌት አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ኤንቪዲያም ይህን ስለሚያውቅ በቺፑ ላይ ካሉት 144 የስሌት ክፍሎች ዋናው ሞዴል ላይ 132ቱን ብቻ ይከፍታል። ጉድፍ ያረፈበት ክፍል ተዘግቶ ቺፑ ይሸጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ልጆቹ ጥያቄ እንመለስ። በ2019 የወጣው የኤኤምዲ ዜን 2 በ7 ናኖሜትር፣ 74 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ 3.8 ቢሊዮን ትራንዚስተር ገደማ ነበር። በዚያው መንገድ ስታሰሉት 11 ዶላር ተኩል ይመጣል። ዜን 4 ደግሞ 6.5 ቢሊዮን ገደማ ትራንዚስተር በ20 ዶላር። ሁለቱንም ለትራንዚስተሩ ብዛት አካፍሉ። ለአንድ ቢሊዮን ትራንዚስተር ሁለቱም 3 ዶላር ገደማ ናቸው። ትራንዚስተሩ አነሰ፣ ፈጠነ፣ ኤሌክትሪክ ቆጠበ፤ አልረከሰም። ብዙ ትራንዚስተር የፈለገ ብዙ ይከፍላል።

20 ዶላር ሰምታችሁ «ታዲያ ለምን በመቶዎች ይሸጡልናል?» እንዳትሉ። በዚሁ የዜን 4 ቺፕ የተሰራው ራይዘን 7 7700ኤክስ ፕሮሰሰር ሲወጣ 399 ዶላር ነበር። ውስጡ ሌላ 122 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የ6 ናኖሜትር ቺፕ አለ፤ በ7 ናኖሜትሩ ዋፈር ዋጋ ብታሰሉት እሱም 20 ዶላር ገደማ ነው። ማሸጊያው፣ ፍተሻው፣ የሻጩ ትርፍ ይጨመራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የዲዛይኑ ወጪ ነው። ኢንተርናሽናል ቢዝነስ ስትራቴጂስ የሚባለው ድርጅት ለአንድ የ5 ናኖሜትር ቺፕ ዲዛይን 540 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገምቷል። 1 ሚሊዮን ቺፕ ብቻ ከሸጣችሁ በእያንዳንዱ ላይ 540 ዶላር ያርፋል። 50 ሚሊዮን ከሸጣችሁ 11 ዶላር። ትንንሽ ኩባንያዎች አዲሱን ትውልድ የማይደፍሩት ለዚህ ነው።

ቀጣዩን 3 ናኖሜትር ለማስላት ለምትሞክሩ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስሙ ስላነሰ ቺፑ በሙሉ ያንሳል ብላችሁ አታስቡ። ካሽ በቺፑ ላይ ያለ ፈጣን ማህደረ ትውስታ ነው። የታይዋኑ ቺፕ አምራች ቲኤስኤምሲ ኤን5 በሚለው የ5 ናኖሜትር ምርት የአንድ ካሽ ሴል ስፋት 0.021 ካሬ ማይክሮሜትር ነው። ኤን3ኢ በተባለው የ3 ናኖሜትር ምርትም ያው 0.021 ነው። ስለዚህ የቺፑን ፎቶ አይታችሁ ካሽ የያዘውን ክፍል ሳትቀንሱ፣ የዋፈሩን ዋጋ ግን በአዲሱ ተመን አስሉት። ካሽን በውዱ ዋፈር ላይ መስራት ስለማያዋጣ ይመስላል፣ ኤኤምዲ የዜን 4ን ተጨማሪ ካሽ በ7 ናኖሜትር ሰርቶ ከ5 ናኖሜትሩ ቺፕ ላይ ደርቦታል።