ብርድ ነው ብላችሁ ፀሐይን አትመኑ፦ ሜልቦርን ለገባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ደሴ ያደገ ሰው ፀሐይ ይወዳል። ጠዋት ጉሙ ከጦሳ ላይ ሲገፈፍ፣ በርጩማ አውጥቶ ግድግዳ ተደግፎ መሞቅ ነው። ኮምቦልቻ ያደገው ደግሞ ጥላ ይፈልጋል። ሁለታችንም ግን ፀሐይን የምንለካው በሙቀቷ ነው። እዚህ ስትመጡ ቶሎ መተው ያለባችሁ ይህን ልማድ ነው።

ቆዳ የሚያቃጥለው ሙቀቱ ሳይሆን አልትራቫዮሌት የሚባለው የማይታይ ጨረር ነው። ጨረሩ ከፍታ ሲጨምር ይበረታል፤ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ። ስለዚህ ሰማዩ እኩል ከጠራ፣ ብርዳሟ ደሴ ላይ ያለው ጨረር ከሞቃቷ ኮምቦልቻ ይበልጣል። ይህን ያወቅሁት እዚህ መጥቼ ነው። በጣም ነው የገረመኝ።

እኔ የመጣሁት በታኅሣሥ ነበር። እዚህ ታኅሣሥ በጋ ነው። በሳምንቱ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ለማየት ሜዳ ሄድኩ። ነፋሱ ይቀዘቅዝ ነበር። ሹራቤን ለብሼ፣ ፊቴን ለፀሐይ ሰጥቼ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥኩ። ማታ ጉንጬ ሲነካ ይለበልበኝ ጀመር። እንዲህ እያልኩ በጋው ሲያልቅ ጉንጬና ከንፈሬ በላይ ማድያት ወጣብኝ። እስኪደበዝዝ ከዓመት በላይ ፈጀ።

«ጥቁር ነን፣ ምን ያደርገናል?» የሚለውን ተዉት። የቆዳ ካንሰር በእኛ ላይ እንደ ነጮቹ አይበዛም፤ እውነት ነው። ማድያትና ብጉር ጥሎት የሚሄደው ጥቁረት ግን በፀሐይ የሚብሰው በእኛ ቆዳ ላይ ነው።

ስልካችሁ ላይ የአየር ሁኔታውን ስትከፍቱ ዩቪ ኢንዴክስ የሚል ቁጥር አለ፤ የአልትራቫዮሌቱን ብርታት የሚለካ ነው። 3 ከደረሰ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ተቀቡ፣ ኮፍያ አድርጉ። ሜልቦርን ላይ ይህ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ነው። በበጋ እኩለ ቀን ከ10 የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። እንደ ደሴ እናቶች ጃንጥላ ብትይዙም ማንም ምንም አይላችሁም።

ሱፐርማርኬት ስትገቡ ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅሙ) 50 እና «ብሮድ ስፔክትረም» (ሁለቱንም የአልትራቫዮሌት ዓይነቶች፣ ዩቪኤንና ዩቪቢን የሚከላከል) የሚለውን እዩ። አንዳንዱ ፊታችንን ዱቄት የነካው ያስመስለዋል። ማድያት ያለባችሁ ቲንትድ የሚባለውን፣ ቀለም ያለውን ግዙ። ውስጡ ያለው አይረን ኦክሳይድ ማድያት የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ቫዝሊን ሰንስክሪንን አይተካም።

አቀባቡ ላይ አትሰስቱ። በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ላይ ከጫፍ እስከ ሥር ሁለት መስመር አውጡ፤ ያ ለፊትና ለአንገት ነው። ጆሮና ማጅራት አይረሱ። ከመውጣታችሁ 20 ደቂቃ በፊት፣ ከዚያ በየ2 ሰዓቱ።

አራስ ያላችሁ፣ ልጁን ቅባት ቀብቶ ፀሐይ ማሞቁ እዚህ አይሠራም። ዩቪ 3 ከደረሰ ሕፃኑ ጥላ ሥር ይሁን። ከ6 ወር በታች ላለ ልጅ ሰንስክሪን አይመከርም።

ደግሞ ክረምት አለ። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዚሁ ጨረር ነው፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ብዙ ጨረር ይፈልጋል። ከሜይ ጀምሮ ጨረሩ ስለሚዳከም ቫይታሚን ዲ ይበልጥ የሚያንሰው እኛን ነው፤ በተለይ ሂጃብ ለምትለብሱ እህቶቻችን። ሐኪማችሁን የደም ምርመራ ጠይቁ። በጁንና በጁላይ፣ እኩለ ቀን ላይ ደመናው ከተገለጠ፣ ሰንስክሪኑን ቤት ትታችሁ እንደ ደሴ ወንበር አውጥታችሁ ሙቁ።