ጋላክሲ ነው ወይስ የጎረቤት ስልክ? በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሩቅ ለሚያዩ ችግርና መፍትሄ

በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሩቅ ጋላክሲ የሚያጠና ሰው ዳታው ላይ እንግዳ ነገር ሲያይ ልቡ ቀድሞ ሰማይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ ወዲህ ነው፤ እዚሁ ሰፈር። ስለዚህ ፍተሻውን ከቅርብ ጀምሩ።

ምልክት፦ 947 ሜጋሄርዝ ላይ ጉልህ መስመር ታየ

መስመር ማለት በአንድ ፍሪኩዌንሲ አካባቢ ጎልቶ የሚታይ ሲግናል ነው። ሒሳቡ ያጓጓል። የሃይድሮጂን አቶም የሚለቀው ሞገድ ሲነሳ 1420.4 ሜጋሄርዝ ነው፤ ርዝመቱ 21 ሴንቲሜትር። ህዋው እየሰፋ ስለሚሄድ ሞገዱ መንገድ ላይ ይለጠጣል፣ ፍሪኩዌንሲውም ይወርዳል። የመለጠጡ መጠን ሬድሺፍት ይባላል። 1420.4ን ለ947 ስታካፍሉ 1.5 ይመጣል። ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ ሬድሺፍቱ 0.5 ነው ማለት ነው፤ ሞገዱ ጉዞ ከጀመረ 5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ። ደስ አይልም?

አትቸኩሉ። ከ935 እስከ 960 ሜጋሄርዝ ያለው ክልል በአፍሪካና በአውሮፓ የሞባይል ማማዎች ወደ ስልካችን የሚልኩበት ነው። 1090 ላይ አውሮፕላኖች ማንነታቸውንና ከፍታቸውን ይናገራሉ። 1227.6 ላይ ጂፒኤስ አለ።

መለያው ቀላል ነው። ቴሌስኮፑን ወደ ሌላ የሰማይ ክፍል አዙሩት። መስመሩ አብሮ ከዞረ ጋላክሲ አይደለም። ቅርጹንም እዩ፦ የጋላክሲ ጋዝ ስለሚሽከረከር መስመሩ ሰፊ ነው፤ ስፋቱ በፍጥነት ሲለካ በመቶዎች ኪሎሜትር በሰከንድ ይሆናል። ሹልና ቀጭን ነገር ሲመጣ ጠርጥሩ። ከዚያ የተበከለውን ቻናል (ጠባብ የፍሪኩዌንሲ ክፍል) እና ሰዓት ቆርጦ መጣል ነው። ያሳዝናል፣ ግን ሌላ መላ የለም። የደቡብ አፍሪካው ሚርካት ቴሌስኮፕ 64 ዲሾቹን ካሩ የሚባል ጭር ያለ ደረቅ ምድር ላይ የተከለው ከዚህ ጫጫታ ለመሸሽ ነው። ሳተላይትን ግን በረሃም አያመልጠውም።

አውስትራሊያ ያለው የፓርክስ ቴሌስኮፕ ባለሙያዎች ለዓመታት ምንጩ ያልታወቀ ብልጭታ ሲያስጨንቃቸው ኖሯል። በ2015 ጉዱ ወጣ፦ ማይክሮዌቭ ነበር! ምግቡ ሞቆ ሳያልቅ በሩን የሚከፍት ሰው ነው ያን ሁሉ ያመጣው።

ምልክት፦ ሌሊቱን ሙሉ ታይቶ ምንም የለም

እዚህ የተበላሸ ነገር ላይኖር ይችላል። የሃይድሮጂን ሲግናል ደካማ ነው። ሲግናሉን የሚሸፍነውን የዘፈቀደ መዋዠቅ በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሰዓት ያስፈልጋል። በ2016 ይፋ በሆነ ሥራ፣ አሜሪካ ያለው ቪኤልኤ የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሬድሺፍቱ 0.376 የሆነን አንድ ጋላክሲ ሃይድሮጂን ያገኘው 178 ሰዓት አይቶ ነው።

ብልሃቱ መደራረብ ነው። በሌላ ቴሌስኮፕ ቦታቸውና ሬድሺፍታቸው የታወቀ ብዙ ጋላክሲዎችን ይዛችሁ፣ የእያንዳንዱን ሲግናል አንድ ላይ አስተካክላችሁ አማካዩን ውሰዱ። በ2020 ይፋ በሆነ ጥናት የሕንዱ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጂኤምአርቲ 7,653 ጋላክሲዎችን እንዲህ ደራርቧል። አማካይ ሬድሺፍታቸው 1 አካባቢ ነው። በአማካይ የእያንዳንዱ ሃይድሮጂን ወደ 12 ቢሊዮን ፀሐይ ይመዝናል። ብዙ ይመስላል፤ ግን ሞገዱ በተነሳበት ዘመን ኮከብ በሚወልዱበት ፍጥነት ከ1 እስከ 2 ቢሊዮን ዓመት ብቻ ነው የሚያቆያቸው። ከዚያ ወዲህ የኮከብ መወለድ ለምን እንደቀዘቀዘ ፍንጩ እዚህ ነው።

ደራርባችሁም መስመሩ ከደበዘዘ ሬድሺፍቱን ጠርጥሩ። በጋላክሲው ቀለም ብቻ የተገመተ ከሆነ አይሆንም። ሬድሺፍት 1 ላይ የ0.01 ስህተት 1,500 ኪሎሜትር በሰከንድ ታዛንፋለች። የጋላክሲው መስመር ራሱ ጥቂት መቶ ነው! በስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑ በዝርዝር ተበትኖ፣ የተለካ ብቻ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ ጋላክሲው በዓመት በሺዎች ፀሐይ የሚወልድ ሆኖ ወጣ

የኮከብ ውልደቱ የተገመተው ከሬዲዮ ድምቀቱ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን መሃሉ ላይ የተቀመጠው ጥቁር ጉድጓድ ነው። ወደ እሱ ከሚወድቀው ጋዝ የሚነሳው ፍንጣቂ ሬዲዮውን ያደምቀዋል። ከኢንፍራሬድ (ዓይን ከማያየው የሙቀት ብርሃን) ጋር አወዳድሩ። ኮከብ በሚወልድ ጋላክሲ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ ሬዲዮው ብቻውን ካሻቀበ ድምቀቱን ለኮከቦች አትስጡ።

ምልክት፦ የጥርና የሐምሌ መስመር አልገጠመም

ምድር በፀሐይ ዙሪያ 30 ኪሎሜትር በሰከንድ ትሮጣለች። በስድስት ወር ልዩነት አቅጣጫዋ ይገለበጣልና ልዩነቱ እስከ 60 ይደርሳል። ዳታውን ከመደመራችሁ በፊት ፍጥነቱን ከሥርዓተ ፀሐይ መሃል አንጻር ወደሚለካ ቀይሩት። ከደመራችሁት በኋላ መመለሻ የለውም።