«ታሪኬን ልጻፍ» ላለች ልጅ፦ ከቆጠራ እስከ ዘረፋ

በደብረ ማርቆስ አማርኛ ሳስተምር፣ ክፍሉ ከተበተነ በኋላ ወደኋላ ቀርተው «ቲቸር፣ የደረሰብኝን ነገር ቴሌግራም ላይ ልጽፈው ነው፤ ምን ይሉኛል?» ብለው የሚጠይቁኝ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚቀርብላቸው ወላጆች፣ ታላላቅ እህቶችና ወንድሞች እንዲሁም የሥራ ባልደረቦቼ ነው። አብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን መልስ «ተይው ልጄ፣ ገመናሽን አደባባይ አታውጪ» የሚል ነው። መልሱ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ልጅቱ በዚህ ምክንያት መጻፏን አትተውም፣ እኛን ማማከሯን ግን ትተወዋለች።

ጎጃም ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ አለው። በዋሸራ፣ በጎንጅ ወይም በዲማ የቅኔ ትምህርት ቤት ተማሪው ቅኔውን የሚቆጥረው፣ ማለትም በልቡ የሚያዘጋጀው፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ፣ ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ነው። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል፣ የጎደለውን ይሞላለታል፣ የማይሆነውን ያስጥለዋል። በሰው ፊት የሚዘርፈው፣ ማለትም የሚያሰማው፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስልክ የያዘ ልጅ ግን ቆጠራውን፣ ነገራውንና ዘረፋውን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያጠናቅቃል፤ ሌሊት እያለቀሰ የጻፈውን ሳያነበው ይለጥፈዋል፣ ሲነጋ ክፍሉ ሁሉ አንብቦት ይጠብቀዋል። የመካሪው ዋና ሥራ እነዚህን ሦስት ደረጃዎች መልሶ ማለያየት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያ በደብተር ትጻፍ። በስልክ ባይሆን የምለው ደብተር የመላኪያ ምልክት ስለሌለው ነው። በዚህ ደረጃ ምንም አይከልክሏት፤ የሰው ስም ትጥራ፣ ቁጣዋን ታፍስስ፣ ፊደልም ትሳት። ማንም እንደማያየው እርግጠኛ ካልሆነች እውነቱን አትጽፍም፤ በመሆኑም ከሁለት ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ከሆነች ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ አብረው ያስቡበት።

የልጆች ጽሑፍ ብዙ ጊዜ የሚደክመው በትልልቅ ቃላት ሲሞላ ነው። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ «ከገጠር መጥቼ ስማር ብዙ መከራ አሳልፌያለሁ» ብላ ጽፋ አመጣችልኝ። አላረምኩላትም፤ «እሑድ ከቤት ስትወጪ ምን ትሸከሚያለሽ? ሐሙስስ ምን ትበያለሽ?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። በሳምንቱ ያመጣችው እንዲህ ይላል፦ «እሑድ የያዝኩት እንጀራ ሐሙስ ላይ ይሻግታል። የሻገተውን ፍቄ የቀረውን ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ዓርብ ድርቆሹን በበርበሬ ውኃ አርሼ በልቼ ወደ ቤት እሄዳለሁ። እናቴ ‹ስንቁ በቃሽ ወይ?› ስትለኝ ‹ተርፎኛል› እላታለሁ።» ስንቅ ተሸክሞ የተማረ ሰው ሁሉ ያቺን «ተርፎኛል» ያውቃታል። እርስዎም ሲመክሩ እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያወጣ ጥያቄ ይጠይቁ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን ራስዎ አይጻፉላት፤ የእርስዎ አማርኛ የቱንም ያህል ቢያምር የእርሷ ታሪክ መሆኑ ያበቃል።

ቀጥሎ ነገራው ይመጣል፤ ረጅሙን ጊዜ መውሰድ ያለበትም ይህ ነው። ጽሑፉን ድምፅዋን አሰምታ ታንብብልዎት፤ እርስዎም እስክትጨርስ ዝም ብለው ይስሙ። ስታነብ ድምፅዋ ከተቆራረጠና መጨረስ ካቃታት ቁስሉ ገና አልጠገገምና ጽሑፉ ለሁለት ለሦስት ወር ደብተሩ ውስጥ ይቆይ። ያነበበችልዎት ነገር ጥቃት ወይም መደፈር ከሆነ ግን ጉዳዩ የጽሑፍ መሆኑ ይቀራል። ያን ጊዜ የሚያስፈልጋት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ ፖሊስ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው፤ በተለይ ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት በዚያው ቀን አብረዋት ይሂዱ። ራሷን ስለመጉዳት የጻፈች ከሆነም ብቻዋን አይተዋት።

ከዚህ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ስለሚገኙት ሌሎች ሰዎች አንድ በአንድ ተነጋገሩ። የእናት ሕመም፣ የአባት መጠጥ፣ የቤተሰብ የደም ጠብ፣ ያለ ዕድሜዋ የተዳረች እህት፣ እነዚህ ሁሉ በልጅቱ ሕይወት ውስጥ ያሉ ቢሆኑም የእርሷ ብቻ አይደሉም። እኔ የማምንበት መለኪያ፣ ሰውየው በሕይወት ካለና ሊጠየቅ ከቻለ ይጠየቅ፣ «እሺ» ካላለ ደግሞ ልጅቱ ከራሷ ወገን ያለውን ብቻ ትጻፍ የሚል ነው። ከራስ ወገን መጻፍ ምን እንደሆነ ያቺው ተማሪ አሳይታኛለች። በመጀመሪያ እህቷ በስንት ዓመቷ፣ ለማን፣ በስንት ከብት ጥሎሽ እንደተዳረች ዘርዝራ ነበር። ያንን ሁሉ አውጥታ የተካችው «እህቴ ከሄደች በኋላ አብረን የምንተኛበት መደብ ሰፋብኝ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የእህቷ ምሥጢር አልወጣም፤ የእርሷ ኀዘን ግን ሙሉ በሙሉ ተነግሯል።

ስም መቀየር ብቻውን ማንንም እንደማይሰውር ደጋግመው ያስረዷት። የቀበሌው ስም፣ የደብሩ ስም፣ የአባት ሙያ፣ ስንተኛ ልጅ እንደሆነች፣ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ምንም አይደሉም፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን በሞጣም ሆነ በቢቸና ገበያ «የእነ እገሌ ልጅ ናት» ለመባል አንድ የገበያ ቀን ይበቃል። «ከፍኖተ ሰላም የሁለት ሰዓት መንገድ» ከማለት «ከከተማ ራቅ ያለ ገጠር» ማለት ይሻላል። ፎቶ የምታያይዝ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም አይታይ፤ በቴሌግራም ፎቶው በፋይል መልክ ሲላክ ደግሞ የተነሣበት ቦታና ሰዓት ተመዝግቦ ከሆነ አብሮ ስለሚሄድ በፎቶ መልክ ብቻ ይላክ። የስልክ ቁጥሯም ለማንም እንዳይታይ በቴሌግራም የግላዊነት ቅንብር ውስጥ ገብታ ትዝጋው።

የሕጉን ነገር በአጭሩ ይንገሯት። ሐሳብን የመግለጽ መብቷ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29፣ የግል ሕይወቷ የመከበር መብት ደግሞ በአንቀጽ 26 ተደንግጓል፤ ሌላው ሰውም የግል ሕይወቱ እንዲከበር ያንኑ መብት አለው። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት በበይነ መረብ ስም ማጥፋትም ማስፈራራትም ያስጠይቃል። ይህ ማለት የበደላትን ሰው በስሙ ጠርታ መክሰስ ያለባት በፍትሕ አካል ፊት ነው፤ ጽሑፏን ተከትሎ ከሚያስፈራራት ሰው ደግሞ ያው አዋጅ መከታ ይሆናታል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት በብዙ ልጆች ታሪክ ውስጥ ገብቷል፤ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸውና ሰው ያጡ ልጆች ይህንን አትጻፉ ማለት አይቻልም። ማን ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን የት እንደታየ የሚናገር ዝርዝር ግን ከደብተሩ አይውጣ። በዚህ ነጥብ ላይ ከልጆቹ ጋር አልደራደርም፣ እርስዎም ባይደራደሩ እመክራለሁ።

ለመዘረፍ የደረሰ ጽሑፍ በቀን ይለጠፍ፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ እርስዎ ስልክ በሚያነሡበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። አስቀድማ ለሦስት ለአራት ለምታምናቸው ሰዎች ትላከው፤ ወደ ቻናል ካወጣችው በኋላም ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አስተያየት መስጫውን ትዝጋው። ቴሌግራም የቻናል ጽሑፍ ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ የሚከለክል ቅንብር አለው፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሣትን የሚከለክል ቅንብር ግን የለም። ማስተላለፍን የሚከለክለው ቅንብርም ከመለጠፉ በፊት ይከፈት፤ አንድ ጊዜ የተላለፈ ቅጂ እርሷ ዋናውን ብታጠፋውም በሌሎች እጅ ይቀራል።

ስድብ ያማል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በውስጥ መስመር የሚመጣው ደግ ቃል ነው። «ታሪክሽ ልቤን ነካው፣ ልርዳሽ» ብሎ የሚጀምር የማያውቁት ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ሆኖም ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ አድራሻ ወይም «ባሕር ዳር ብትመጪ እንገናኝ» የሚል ጥያቄ ካስከተለ ልጅቱ ሳትመልስ ለእርስዎ እንድታሳይ ከመለጠፏ በፊት ቃል ትግባልዎት። እርስዎም በምላሹ እንደማይቆጧት ቃል ይግቡላት፤ ልጆች የሚደብቁን ቁጣችንን ሲፈሩ ነው። የሚያስፈራራት ሰው ካጋጠማት መልእክቱን በስክሪንሾት ሳታስቀር አታጥፋው፣ ሰውየውንም አታግደው፤ ለፖሊስ የሚቀርበው ማስረጃ እርሱ ነውና።

ተማሪዬ በመጨረሻ የለጠፈችው የስንቁን ክፍል ብቻ ነው፤ ስሟንም የትምህርት ቤቷንም ስም አልጻፈችም። ስለ እህቷና ስለ መደቡ የጻፈችው አሁንም ደብተሯ ውስጥ ነው፤ እህቷ ለፋሲካ ስትመጣ አንብባላት ልትጠይቃት አስባለች።