ሜዳው ላይ ምን ይከብዳል? በሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር ብስክሌት ሲነዱ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

«ሜዳ ነው እኮ፣ ምን ይከብዳል?» ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ስለ ሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) ቦይ ዳር መንገድ ሲወራ ይህ አባባል አይጠፋም። እውነትም ሜዳ ነው። መንገዱ ከዋሽንግተኑ ሰፈር ከጆርጅታውን ይነሳል፤ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ እስከ ከምበርላንድ ድረስ 184.5 ማይል ይሄዳል፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ርቀት ቦዩ የሚወጣው ከፍታ 605 ጫማ ብቻ ነው። በሜትር 184 ገደማ። ድሮ በቅሎዎች የጭነት ጀልባ የሚጎትቱበት መንገድ ስለነበር አቀበት እንዳይኖረው ተደርጎ ነው የተሠራው። ቦዩ በ1924 ከጎርፍ በኋላ ሥራ አቆመ። ከ1971 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ነው።

ታዲያ ሰው የሚቸገረው በዚሁ ሜዳነቱ ነው። አቀበት ላይ የሚደርሰውን ድካም አስቀድመን እናውቀዋለን። ሜዳ ላይ የሚመጣው ግን ቀስ ብሎ ነው፤ ምክንያቱ ሳይገባን ብስክሌቱን እናማርራለን።

እጅ ይደነዝዛል፣ መቀመጫ ያቃጥላል

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ቅሬታ ይህ ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት መደንዘዝ ይጀምራሉ። ከታች ደግሞ መቀመጫው እሳት ይሆናል።

ዳገትና ቁልቁለት ባለበት ቦታ ሰውነት ሳያስበው አቀማመጡን ይቀያይራል። ዳገት ላይ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ይነሳል። እዚህ ግን ማንም ተነሳ የሚላችሁ የለም። በዚያ ላይ ፔዳሉን የምትረግጡት በቀስታ ስለሆነ እግር ክብደት አይሸከምም። ሸክሙ ሁሉ እጅና ኮርቻ ላይ ያርፋል። መዳፍ ውስጥ በትንሿ ጣት በኩል የሚያልፈው ነርቭ ለረጅም ጊዜ ሲጫን ጣቶቹ ይደነዝዛሉ።

መጀመሪያ የኮርቻውን አፍንጫ እዩ። ወደ ታች ካዘነበለ ሰውነት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ እጅም መግፋት ይጀምራል። ስለዚህ ኮርቻው አግድም ቀጥ ይበል። ቀጥሎ ከፍታውን ለኩ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻ አውርዱና ተረከዛችሁን አሳርፉበት። ጉልበት ቀጥ ካለ ልክ ነው። መሪው ከኮርቻው በጣም ዝቅ ካለም ከፍ ይደረግ። መሪው ጫፍ ላይ የሚገጠሙት ትናንሽ ቀንዶች እጅን የሚያሳርፉበት ሌላ ቦታ ይሰጣሉ፤ ዋጋቸውም ውድ አይደለም።

እነዚህ ሁሉ ግን አንዱን ነገር አይተኩም። በየአሥር ደቂቃው ተነሱ። ፔዳሉ ላይ ቆማችሁ ጥቂት ርገጡና ተመለሱ። ሰው ይህንን ንቆ ለስላሳ ጄል ያለው ኮርቻ ይገዛል። ለአጭር መንገድ ይመቻል። ረጅም መንገድ ላይ ግን ሥጋው ወደ ውስጥ ይሰምጥና የማይገባው ቦታ ይጫናል። ጠንከር ያለ ኮርቻና ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ይሻላል። ቁምጣው የሚለበሰው ያለ ውስጥ ሱሪ ነው። ይህን ሲሰሙ የሚያፍሩ አሉ፤ ቆዳን የሚልጠው ግን የውስጥ ሱሪው ስፌት ነው።

ጎማው ይተነፍሳል

የተነፈሰውን ከመነዳሪ አውጥታችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ። ቀዳዳው ምክንያቱን ይነግራችኋል።

ጎን ለጎን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ ንፋሱ አንሶ ነበር ማለት ነው። ጎማው ከዛፍ ሥር ወይም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ከመነዳሪው በቸርኬውና በድንጋዩ መሃል ተቆንጥጧል። መንገዱ ከላይ ደልዳላ ቢመስልም በቅጠል የተሸፈነ ሥር ሞልቶታል፤ በተለይ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት። ሁለት ኢንች ስፋት ላለው የማውንቴን ባይክ ጎማ ከ25 እስከ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መነሻ ይሁናችሁ። ክብደታችሁ ከበድ ካለ ወይም ሻንጣ ከጫናችሁ ወደ ላይኛው ቁጥር ጠጋ በሉ።

ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ እሾህ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው፤ አዲስ ከመነዳሪ ያስገባና እሾሁን እዚያው ጎማው ውስጥ ይተወዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደገና ይተነፍሳል። ስለዚህ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ። ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። በባዶ ጣት አትሞክሩት።

ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በሚዞረው ወገን ከሆነ ደግሞ መንገዱ ጥፋት የለበትም። ቸርኬው ውስጥ ያለው የጨርቅ ቀበቶ ተንሸራትቶ ወይም አርጅቶ ነው።

ከዋሽንግተን እየራቃችሁ ስትሄዱ ጎሚስታም የብስክሌት ሱቅም እንደ ልብ አይገኝም። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ማስቲሽና መንፊያ ያዙ። መንፊያው ከከመነዳሪው አፍ ጋር እንደሚገጥም ቤት ሳላችሁ ሞክሩት። አፉ ቀጭንና ወፍራም አለው።

ጎማው በጭቃ ተይዞ አልዞር ይላል

ከዝናብ በኋላ የመንገዱ አፈር ይላቆጣል። ጭቃው ከቅጠል ጋር ተለውሶ በጎማውና በብስክሌቱ አጥንት መሃል ይሞላል። ፓራፋንጎ ካለ ይብሳል። በእንጨት ጠርጉት፤ በጉልበት እየገፋችሁ ማርሹን አትስበሩ።

ዋናው መፍትሄ ግን ቀን መምረጥ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ካደረ፣ በእኔ እምነት ያን ቀን መቅረት ይሻላል። ጭቃ ላይ የተነዳ ጎማ የሚተወው ጎድጓዳ መስመር ሲደርቅ ለሌላው ሰው መሰናክል ይሆናል። የግድ መሄድ ካለባችሁ ወደ ምዕራብ ሜሪላንድ ሂዱ። እዚያ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬል የሚባል አስፋልት የለበሰ የድሮ ባቡር መንገድ አለ። ከቢግ ፑል አካባቢ ጀምሮ ከቦዩ ጎን ለጎን ወደ 28 ማይል ይሄዳል።

ጉልበት በድንገት ያልቃል

እንጦጦን በብስክሌት የወጣ ሰው ሲመለስ ፔዳል ሳይነካ ይወርዳል፤ እግሩም ያርፋል። ቦይ ዳር ይህ የለም። መርገጥ ካቆማችሁ ብስክሌቱ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ሄዳችሁ እንደሆነ ሦስት ሰዓት ረግጣችኋል።

ሳይርባችሁ ብሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቴምር፣ ሙዝ፤ ለዚህ ሥራ ከሱቅ ከሚሸጠው የስፖርት ብስኩት አያንሱም። ዐቢይ ጾም ላይም ችግር የለም። ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየት የለም፤ እነዚህም ሁሉ የጾም ናቸው።

ብስክሌቱም ጉልበት ይበላል። የፊቱ አሞርዛተር በረገጣችሁ ቁጥር የሚንጠራወዝ ከሆነ መቆለፊያውን ዝጉት። ጥርሱ የገዘፈ የተራራ ጎማም ለዚህ መንገድ አያስፈልግም። መሃሉ ለስላሳ፣ ጎኑ ጥርስ ያለው ጎማ ይበቃል።

ካቴናው ይጮኻል

አቧራ ነው። በላዩ ዘይት አታፍስሱበት፤ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ጥርሱን ይበላዋል። በጨርቅ ጥረጉት፣ ጥቂት ጠብታ አድርጉ፣ ትርፉን መልሳችሁ ጥረጉ።

የውሃው ፓምፕ እጀታ የለውም

አልተሰረቀም። በመንገዱ ዳር ካሉት የድንኳን ማደሪያዎች በብዙዎቹ የእጅ ፓምፕ አለ። የብርዱ ወራት ሲመጣ ግን ውሃው ይዘጋል፤ እጀታውም ይነሳል፤ በአብዛኛው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ። ሲከፈትም በአዮዲን ስለሚታከም ጣዕሙ ለየት ይላል። ስለዚህ ውሃ ከቤት ያዙ።

እግረኛ ይቆጣል

ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ ቅዳሜና እሁድ እንደ ገበያ ነው። ቅድሚያ ለእግረኛና ለፈረስ ነው፤ የፍጥነት ጣሪያው በሰዓት 15 ማይል ነው፤ ደወልም ግዴታ ነው። ደወሉን ሩቅ ሳላችሁ ደውሉ፤ ጀርባው ስር ደርሳችሁ ስትደውሉ ሰው ይደነግጣል። መፍጠን የሚፈልግ ሰው እዚህ ባይጀምር ይሻላል። ፖይንት ኦፍ ሮክስ ወይም ብረንዝዊክ መኪና አቁሞ ከዚያ ቢነሳ ሰው አያስቸግርም። ሞኖካሲ ወንዝን የሚሻገረው ትልቁ የድንጋይ ድልድይም ከፖይንት ኦፍ ሮክስ በታች፣ ወደ ዋሽንግተን አቅጣጫ ስለሚገኝ ልታዩት ትችላላችሁ።

ዋሻው ውስጥ ምንም አይታይም

ማይል 155 አካባቢ ፓው ፓው የሚባል ዋሻ አለ። ርዝመቱ 3,118 ጫማ ነው። በ1836 መቆፈር ተጀምሮ በ1850 ነው የተከፈተው። መብራት የለውም፤ መንገዱ ጠባብ ነው፤ በአንድ ወገን ቦዩ አለ። የስልክ መብራት አይበቃም። የግንባር መብራት አድርጉና ብስክሌቱን እየገፋችሁ በእግር እለፉ።

ስልኩ ኔትወርክ የለውም፤ የት እንዳላችሁ አታውቁም

በየማይሉ ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለ። ዜሮው ጆርጅታውን ነው። ያለፋችሁትን ቁጥር አስታውሱ፤ አደጋ ከደረሰ ለረድኤት ሠራተኛ የምትነግሩት እሱን ነው።

ቤት ከገቡ በኋላ ቆዳ ያሳክካል

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ መዥገር ነው። ሣር ላይ ከተቀመጣችሁ ጉልበት ኋላ፣ ብብትና የፀጉር ሥር ፈትሹ። ከተገኘ በወረንጦ ቆዳው አጠገብ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። ክብሪት መለኮስ ወይም ቫዝሊን መቀባት የለም። ከሦስት ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ወይም ትኩሳት ካያችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ላይም የሚባለው በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ቶሎ ከተያዘ በአንቲባዮቲክ ይድናል። ቦይ ዳር ብስክሌት እንደነዳችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።

ሌላው ፖይዝን አይቪ የሚባለው ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ተክል ነው። ብስክሌት ዛፍ ላይ ሲደገፍ ብዙ ጊዜ የሚነካው እሱ ነው። ወዲያው በሳሙና መታጠብ ይረዳል። ዘይቱ ጓንት፣ ጫማና መሪ ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ እነሱንም አብራችሁ እጠቡ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጫካ ሳትገቡም ያሳክካችኋል።