ነገር ሁሉ ሕልም ሕልም ሲል፦ ጭንቀት የሚያመጣውን የባዕድነት ስሜት ማቅለል

የለመዱት ክፍል በድንገት ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ፎቶ ይመስላል። አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል። እጅዎን ሲያዩት የእርስዎ መሆኑን ያውቃሉ፣ “የኔ” የሚለው ስሜት ግን አብሮት የለም። አካባቢው እውን አልመስል ሲል በሕክምናው ቋንቋ ዲሪያላይዜሽን፣ የራስ አካልና ሐሳብ ባዕድ ሲሆን ደግሞ ዲፐርሰናላይዜሽን ይባላል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተያይዘው ይመጣሉ።

ይህ የደረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ላብድ ነው እንዴ?” ብሎ ነው። መልሱ ከራሱ አነጋገር ውስጥ ይገኛል፦ “ይመስለኛል” ይላል። እውነታውን የሳተ ሰው “ዓለሙን ቀይረውብኛል” ብሎ ያምናል እንጂ “የተቀየረ ይመስለኛል” ብሎ አይጨነቅም። ሕልም ይመስላል ያለ ሰው ሕልም አለመሆኑን ያውቃል። ስሜቱ ፓኒክ አታክ (በድንገት የሚመጣ ኃይለኛ የፍርሃት ማዕበል) ከሚታወቅባቸው 13 ምልክቶች አንዱ ነው። ከአዋቂዎችም ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ ያዩታል።

ከየት ይመጣል?

በአንድ በኩል አንጎል ፍርሃት ሲበዛበት ስሜትን ዝቅ ያደርጋል፤ መስመሩ ላይ ጭነት ሲበዛ ብሬከር እንደሚወርደው ማለት ነው። ልጃቸውን አቅፈው “ምንም አልተሰማኝም” ብለው የሚደነግጡ ወላጆች አሉ። ፍቅሩ አልጠፋም፣ ብሬከሩ ወርዶ ነው።

በሌላ በኩል ትንፋሽ አለ። የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ወደ አንጎል የሚሄዱ የደም ሥሮችም ይጠባሉ። ራስ መቅለል፣ የከንፈርና የጣት ጫፍ መንዘር፣ የዓይን ብዥታ ይከተላሉ። እነዚህ ሁሉ “እውን አይደለሁም” የሚለውን ስሜት ይመግቡታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ትኩረት ነው። ይህን ይሞክሩ፦ “ማንኪያ” የሚለውን ቃል ጮክ ብለው ለ1 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይበሉት። ማንኪያ፣ ማንኪያ፣ ማንኪያ… ጥቂት ቆይቶ ትርጉሙ ይረግፍና ባዶ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ቋንቋው ተበላሽቶ አይደለም። አንድ ነገር ላይ ሲያፈጡበት እንግዳ ይሆናል። እጅም፣ ፊትም፣ የገዛ ድምፅም እንደዚያው ናቸው። እጁ የራሱ መሆኑን ለማረጋገጥ ሲል የሚያፈጥ ሰው በዚያው እጁን ባዕድ እያደረገው ነው።

ስሜቱ ሲመጣ፣ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች

እየነዱ ከሆነ መኪናውን ዳር ያቁሙ፤ ቢላ ወይም ማሽን ይዘው ከሆነ ያስቀምጡ። አደገኛው ስሜቱ ሳይሆን ድንጋጤው ነው።

ቀጥሎ ስሙን ይጥሩት፦ “ይህ ጭንቀት ያመጣው ነው፤ ደስ አይልም፣ ግን ያልፋል።” አንድ ጊዜ ይበቃል። 20 ጊዜ ከደጋገሙት ማረጋጊያነቱ ይቀርና ራሱ ጭንቀት ይሆናል።

ከዚያ ትንፋሽ። አንድ እጅ ደረት ላይ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ፤ ለ5 ደቂቃ። የሆዱ እጅ ይነሳል፣ የደረቱ ባለበት ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ “በረጅሙ ተንፍስ” ሲባል ደረቱን እስኪሞላ አየር ይስባል፤ ይህ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጭራሽ ያወርደውና ራስ መቅለሉን ያብሳል። የሚረዳው ትንሽና ዝግ ያለ ትንፋሽ ነው። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚለውን የቆየ ምክር ይተዉት። ችግሩ የልብ ወይም የአስም ከሆነ ኦክስጅን ያሳጣል።

ዓይንዎ አንድ ቦታ ላይ እንዳይተከል ያድርጉ። ቅርብ ያለ ነገር ይዩ፣ ሩቅ ያለ ነገር ይዩ፣ ዓይንዎን ያርገብግቡ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ይያዙና በጣትዎ ያጥኑት፦ ከጥርሶቹ የትኛው ይረዝማል? ጭረቱ ወዴት ያጋድላል? ያልነኩት ጫፍ አሁንም ይቀዘቅዛል? 5 የሚታዩ፣ 4 የሚዳሰሱ፣ 3 የሚሰሙ፣ 2 የሚሸተቱ፣ 1 የሚቀመስ ነገር መቁጠር የሚባለው በሰፊው የሚታወቅ ዘዴም ይሠራል። እንከኑ ሰዎች እንደ ጸሎት ለብ ለብ አድርገው ጨርሰው “ጠፋ?” ብለው ራሳቸውን መጠየቃቸው ነው። አንዲት ቁልፍ በደንብ መመርመር 15 ነገር በጥድፊያ ከመቁጠር ይሻላል።

በመጨረሻ ሲሠሩት ወደነበረው ነገር ይመለሱ፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰው። ስሜቱ እስኪለቅ አይጠብቁ፤ አብሮዎት ይምጣ። ሰሃን እያጠቡ ሰሃኑ ሕልም ቢመስልም ሰሃኑ ይጠራል።

ስሜቱን የሚያቆየው መፈተሽ ነው

ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ለሳምንታት የሚቆይባቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያደርጉት ነገር አለ፦ ይፈትሻሉ። ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ “ዛሬስ አለ?” ይላሉ። መስታወት ያያሉ። ስልክ ላይ ምልክቶችን ይፈልጋሉ። ቤተሰባቸውን “ደህና እመስላለሁ?” ብለው ይጠይቃሉ። እያንዳንዱ ፍተሻ ለአንጎል “እዚህ አደጋ አለ፣ ዘብ ቁም” የሚል ትእዛዝ ነው።

አንድ ቀን ሙሉ ስንት ጊዜ እንደፈተሹ ወረቀት ላይ እያሰመሩ ይቁጠሩ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። በማግስቱ መፈተሽ ሲያምርዎት በ10 ደቂቃ ያዘግዩት። 10 ደቂቃው ሲያልቅ ፍላጎቱ ካለ ሌላ 10 ይጨምሩ። ስልክ ላይ መፈለጉ ግን በአንዴ ቢቆም ይሻላል፤ እሱ ቀስ በቀስ ሲቀነስ እምብዛም አይሳካም። ከቤተሰብ ጋር ደግሞ አስቀድመው ይስማሙ፦ እርስዎ ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ እነሱ “ይህ የጭንቀቱ ጥያቄ ነው” ብለው ወሬውን ይቀይሩ። ጭካኔ ይመስላል፣ አይደለም።

ስሜቱን ከ10 እየለኩ በየሰዓቱ የሚመዘግቡ አሉ። ይህም ፍተሻ ነው። መመዝገብ ከፈለጉ ማታ አንዴ ብቻ፣ የባዕድነቱን ሳይሆን የፍርሃቱን መጠን ይጻፉ። አስቀድሞ የሚወርደው ፍርሃቱ ነው፤ ባዕድነቱ ዘግይቶ ይከተለዋል።

ፍርሃቱን በፈቃድ መለማመድ

በሲቢቲ (አስተሳሰብንና ልማድን በመቀየር የሚሠራ የንግግር ሕክምና) የሚሠሩ ባለሙያዎች ስሜቱን ሆን ብሎ በመጥራት ያለማምዳሉ። መስታወት ፊት ተቀምጠው የራስዎን ዓይን ለ2 ደቂቃ ያፍጡበት፤ ወይም ግድግዳ ላይ ነጥብ አድርገው ለ3 ደቂቃ። ባዕድነቱ ሲመጣ አያባሩት፣ ትንፋሽም አያስተካክሉ። ሲጨርሱ ፍርሃቱን ከ10 ይስጡና 1 ደቂቃ አርፈው ይድገሙ፣ ቁጥሩ በግማሽ እስኪወርድ። በየቀኑ ይሥሩት። አንጎል የሚማረው “መጣ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ሄደ” የሚለውን ነው። ከባድ ጥቃት ወይም አደጋ ያሳለፈ፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ይህን ያለ ባለሙያ አይጀምር።

ከፍተሻ ሌላ ስሜቱን የሚያባብሱ ነገሮች

እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ዓለምን ሕልም ያስመስላል፤ የሚነሱበትን ሰዓት አንድ ያድርጉ። ከቀኑ 10 ሰዓት የተወሰደ ካፌይን ግማሽ ያህሉ ከምሽቱ 3 ሰዓትም ሰውነት ውስጥ ይገኛል። በአንዴ ማቆም ግን ራስ ምታትና ድብዘዛ ያመጣል፤ በየ3 ቀኑ ሩብ ሩቡን ይቀንሱ። ካናቢስ ስሜቱን ከሚቀሰቅሱት ዋናዎቹ ውስጥ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይቁም። አልኮል ማታ ያረጋጋና ጠዋት ጭንቀቱን አብዝቶ ይመልሳል። ከሰው መሸሽም እንዲሁ ነው፦ ቤት የተቀመጠ ሰው ከገዛ ስሜቱ በቀር የሚያየው ነገር አይኖረውም።

ሲለቅ በአንዴ ተነቅሎ አይወጣም። አንድ ቀን “ለሁለት ሰዓት አላሰብኩትም” ይላሉ፤ ይህን ባሉበት ቅጽበት ተመልሶ ይመጣል። አገርሽቶ አይደለም፤ ስላስታወሱት ነው።

ሐኪም ጋ መቼ?

ራስን የመሳት፣ ያለፈን ጊዜ ጨርሶ ያለማስታወስ ወይም የመንዘፍዘፍ ምልክት ካለ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከጀመረ፣ ከ40 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣ፣ የሌለ ድምፅ ከተሰማ፣ ወይም ለሳምንታት ሥራና ትምህርት ካወከ ይሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ዛሬውኑ። ለዚህ ስሜት ብቻ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም፤ ሐኪም የሚያዘው አብሮት ላለው ጭንቀት ወይም ድብርት ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት በራስዎ አያቋርጡ። በተለይ እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎች ሲቋረጡ ይህንኑ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ።

መቼ እንደጀመረ፣ በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚቆይ፣ ምን እንደሚወስዱና ስንት ሰዓት እንደሚተኙ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። የሕክምና ስሙን ማወቅ ግዴታ አይደለም። “ነገሮች እውን አይመስሉኝም፤ እውን መሆናቸውን ግን አውቃለሁ” ይበሏቸው።